ሙዠላ ማለት ምን ማለት ነው?

እስቲ እነዚህን አራት ቃላት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡልን፦ ሙዠላ፣ ጎፒሬ፣ ቴቃሹ፣ ለሶጢ። መዝገበ ቃላት ብታገላብጡ አታገኟቸውም። ማንም አስቦ አልፈጠራቸውም። ኮምፒዩተር ከፊደል ገበታ እንደ ዕጣ እያወጣ የገጣጠማቸው ናቸው።

ሆኖም ዝም ብሎ የሚያልፋቸው ሰው የለም። ሙዠላ ሲባል ከእኛ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ከመጣነው ሠልጣኞች መካከል አብዛኛው ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣት ያያል፤ ሙጀሌ ትዝ ብሎት ነው እኮ! በየገጠሩ ልጅን ‹ልዥ› የሚል ሰው ሞልቶ ስለሆነ ‹ጀ› እና ‹ዠ› ለጆሯችን ዘመዳሞች ናቸው። ጎፒሬ ደግሞ ጎፈሬን ይጠራል፤ ‹ጎፒሬ ማለት ጎፈሬው የተጎዳበት ሰው ነው› ብሎ የተረጎመ ጓደኛ አለን። ቴቃሹ እንደ አራሹና እንደ ቀዳሹ የሥራ ስም ይመስላል፤ የሚሠራው ምን እንደሆነ ብቻ አይታወቅም። ለሶጢስ? ‹ለ›ን ከፊት ያየ አማርኛ ተናጋሪ ሶጢ የምትባል ሴት አለች ብሎ ያምናል። ቀጥሎም ‹ምን እንላክላት?› ይላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ትርጉም ከየት መጣ? መኪናው አልሰጠንም። ጉዳዩን ጠጋ ብለን ስናየው ከሳቅ ያለፈ ነገር አገኘንበት፤ ነገ ክፍል ይዘን ስንቆም የሚጠቅመን ነገር ነው።

በቅድሚያ ኮምፒዩተሩ የሚያደርገውን እናስረዳ። ሥራው ምሥጢር የለበትም፣ በካርቶንና በወረቀት ይሠራል። 33ቱን ፊደላት ከነሰባቱ ድምፃቸው በቁራጭ ወረቀት ብንጽፍ 231 ቁራጭ ይወጣል። ካርቶን ውስጥ ከትቶ፣ አደበላልቆ፣ አንዱን አውጥቶ መጻፍና መልሶ መክተት፤ ሦስት ጊዜ ሲደገም ባለ ሦስት ፊደል ‹ቃል› ተወለደ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ሊወጡ የሚችሉት ‹ቃላት› 231 ጊዜ 231 ጊዜ 231፣ ማለትም 12,326,391 ናቸው። ብዙዎቹ ምላስ የሚያስሩ ናቸው። ‹ዥጶኜ› ይወጣል፣ ‹ፑኼዐ› ይወጣል። ይህን ሰምቶ የሚስቅ እንጂ የሚተረጉም አይገኝም።

ነገሩ የሚጣፍጠው በሁለተኛው ዘዴ ነው። አሜሪካዊው የሒሳብና የምሕንድስና ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ስለ መገናኛ የሒሳብ ንድፈ ሐሳብ ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሞከረው ነው። አንድ መጽሐፍ እንደመጣ ገልጦ አንድ ፊደል ይመርጣል። ከዚያ ሌላ ገጽ ይገልጥና ያ ፊደል እስኪገኝ ድረስ ያነባል፣ ሲያገኘውም ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ፊደል ይጽፋል። እንደገና ሌላ ገጽ፣ እንደገና ቀጣዩን ፊደል። ኮምፒዩተር ይህንኑ በቅጽበት ይሠራዋል። ዛሬ ከሰው ጋር የሚጨዋወቱት መኪናዎችም ቀጥሎ የሚመጣውን የመገመት ሥራ እጅግ የተራቀቀባቸው ናቸው።

እኛም በአንድ የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ሞከርነው። ሠራተኛው እጅ ነው፤ ምሽቱን ሙሉ ፈጀብን፣ ግን አይቆጭም። ከወጡት መካከል ‹የሚደረት›፣ ‹በተቃለው›ና ‹እንደምሳት› ይገኙባቸዋል። ‹የሚደረት› ደረቱን ነፍቶ ለሚሄድ ሰው ወዲያው ቅጽል ሆነለት። ‹እንደምሳት›ን ከምሳ ደወል በፊት ያነበብንላቸው ሁሉ በውስጡ ምሳን ሰሙ፤ ከምሳ በኋላ የጠየቅናቸው ግን ‹እንደ እሳት ለማለት ነው› አሉን። ሆድም ይተረጉማል ማለት ነው!

አማርኛ በዚህ ጨዋታ ከሌሎች ቋንቋዎች ይልቅ የተመቸ ይመስለናል። አንደኛ ነገር ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። ‹ዋና› ሲላላ ውኃ ውስጥ ያስገባል፣ ሲጠብቅ አለቃ ያደርጋል። ‹ገና›ም ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ነው፣ ሲጠብቅ ዱላ ይዞ ሜዳ መውጣት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው አንባቢው ነው፤ ፊደሉ ግማሹን ሥራ ለእሱ ትቶለታል። ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ ያልተጻፈ ነገር እየጨመረ ማንበብን ከልጅነቱ የለመደ ነው።

ሌላውና የበለጠ የሚገርመው የግሣችን ጠባይ ነው። ብዙው የአማርኛ ግሥ በሦስት ፊደል ይቆማል፦ ሰበረ፣ ነገረ፣ ለመነ፣ ደገመ። ድምፃቸው የሚመሳሰለውን ሞክሼዎች ብናስቀር 27 ያህል ፊደላት ይቀሩናል፤ ከእነሱ በሦስት በሦስት የሚገጣጠሙት 19,683 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ግሥ የሆኑት ጥቂቶቹ ናቸው፣ የቀሩት ግን በሩ ተከፍቶላቸው የሚጠብቁ ባዶ ቤቶች ናቸው። ለምሳሌ ዕጣው ‹ፈዘገ›ን አወጣ እንበል። ፈዘገ የሚል ግሥ ሰምተን አናውቅም። አማርኛ ግን አይጨነቅም፣ ወዲያው ያረባዋል፦ ይፈዝጋል፣ አፈዘገ፣ ተፈዛዘገ፣ ፈዛጊ፣ ፍዝጋት። ዘርፉ ከተዘረጋ በኋላ ትርጉሙ ሳይጠራ ይመጣል። ፈዘዘ በአንድ በኩል፣ ፈገግ አለ በሌላ በኩል ይጎትቱታል፤ እነሆ ‹ፍዝጋት› ማለት ከሰዓት በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ እንቅልፍ እየጣለው መምህሩን በፈገግታ የሚያይ ሠልጣኝ ሁኔታ ነው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ በመኝታ ቤታችን ሥራ ላይ ውሏል።

ይህ ነገር የወጣቶች ቧልት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሕማማት ሰሞን ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሁሉ የአምስቱን ችንካሮች ስም ሰምቷል፦ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት እነዚህ ስሞች ከአንድ ጥንታዊ የላቲን የቃል ሠንጠረዥ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሠንጠረዡ ‹ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ› ይላል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ቃል አምስት ፊደል ሆኖ ከግራም፣ ከቀኝም፣ ከላይም፣ ከታችም ሲነበብ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ79 እሳተ ገሞራ በቀበራት በፖምፔ ከተማ ግድግዳ ላይ ተጭሮ ተገኝቷል። ሳቶር ዘሪ ነው፣ ቴኔት ይይዛል ነው፣ ኦፔራ ሥራ፣ ሮታስ መንኰራኵሮች። አሬፖ የሚለው ግን በሌላ የላቲን ጽሑፍ አይታወቅም፤ ሠንጠረዡ እንዲሞላ ብቻ ኦፔራ ተገልብጦ የወጣ ነው። ሊቃውንቱ ግን አላረፉም፤ የሰው ስም ነው ያሉ አሉ፣ ማረሻ ነው ያሉም አሉ። እነዚህ ቃላት በግብፅ ክርስቲያኖች በኩል አልፈው እኛ ዘንድ ሲደርሱ የጸሎት ስም ሆነው ተከበሩ። ይህን ስንጽፍ የምእመናንን እምነት ለመንካት አይደለም። ለማሳየት የፈለግነው ቃል ከተነሣበት አገር ትርጉሙን ጥሎ ሊሰደድና በደረሰበት ሌላ፣ ምናልባትም የሚበልጥ ትርጉም ሊያገኝ መቻሉን ነው።

እዚህ ላይ ከመካከላችን ቆሎ ትምህርት ቤት የቆየ ጓደኛ ‹ታዲያ ከቅኔ በምን ይለያል?› ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይ ቤተልሔምን የመሰለ የድጓ ማስመስከሪያ ባለበት በጋይንት ምድር። ባለቅኔው ወርቁን ራሱ ይቀብረዋል፣ ሰሚው ቆፍሮ ያወጣዋል። የኮምፒዩተሩን ቃል ግን ማንም አልቀበረበትም። ሰሚው ይቆፍርና የራሱን ወርቅ ከኪሱ አውጥቶ ‹አገኘሁ!› ይላል። ሙጀሌ ያሳከከው ሙጀሌ ያገኛል፣ የራበው ምሳ።

የሥነ ልቦና ትምህርት ላይ የተማርነው ሄርማን ኤቢንግሃውስም ይኸው ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመውን የማስታወስ ጥናት ሲሠራ፣ የቀድሞ ዕውቀት እንዳያግዘው ብሎ ትርጉም የሌላቸው 2,300 ያህል ቀለሞች አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1928 ግን ግሌዝ የተባለ ተመራማሪ እንዲህ ያሉ ቀለሞችን ለሰዎች እያሳየ ‹ምን ትዝ አላችሁ?› ቢላቸው ብዙዎቹ ብዙ ነገር ትዝ አስባሉ። ፍጹም ባዶ ቃል ማግኘት ይህን ያህል አስቸጋሪ ነው።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ወቅት ምንባቡን እንደ ውኃ የሚያንቆረቁር የ1ኛ ክፍል ልጅ አይተናል። መጽሐፉ ሲገለበጥበትም አነበበ! ከገጽ ላይ ሳይሆን ከቃሉ ነበር የሚያወጣው። እንዲህ ያለው ልጅ ከክፍል ክፍል ይዛወራል፤ የሚያስጨንቀው በኋላ ነው፣ መጽሐፉ ሲወፍርና በቃል መያዝ ሲያቅተው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በዚያ ምዘና ውስጥ ከነበሩት ክፍሎች አንዱ የተፈጠሩ፣ ማለትም ትርጉም የሌላቸው ቃላትን ማንበብ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ‹ወተት›ን ልጁ በዓይኑ ለምዶት ወይም ከሥዕሉ ገምቶ ሊለው ይችላል። ‹ወቲት›ን ግን ካላነበበው በቀር ከየትም አያመጣውም። ‹ወቲት› ተጽፎ እያየ ‹ወተት› ካለ፣ ‹ዱንች›ን ‹ድንች›፣ ‹ዶሬ›ን ‹ዶሮ› ካለ፣ እየገመተ እንጂ እያነበበ አይደለም። ጥፋት ነው ብሎ መቆጣት አያስፈልግም፤ ምን እንደሚጎድለው ነግሮናል።

ይህን ብልሃት የኔታዎቻችን ከጥንት ያውቁት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ልጁ ‹ሀ ሁ ሂ›ን እንደ ዘፈን ሸምድዶ ሲጨርስ አቡጊዳ ይሰጡታል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ፊደሉም ተራውን ቀይሯል፣ ድምፁም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በየፊደሉ ይዞራል። ዜማው አይረዳም፤ ማየት ግድ ነው። ቀጣዩ መሥመር በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ ይላል፤ ‹በጉ ድሃ› ብሎ ያልሳቀበት ሕፃን ያለ አይመስለንም። አቡጊዳ ራሱ ትርጉም ያልነበረው የፊደል ድርድር ሆኖ ሳለ፣ ፒተር ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ የጽሕፈት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 እንደ እኛ ላለው የአጻጻፍ ዓይነት ሁሉ መጠሪያ አድርጎ ወሰደው። ዛሬ የሕንድ ፊደላት ሳይቀሩ በዓለም የቋንቋ ጥናት ‹አቡጊዳ› ይባላሉ።

ቃላቱን ለክፍል የሚያዘጋጅ ሠልጣኝ ግን ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ለልጁ አስቀድሞ ‹ይህ የጨዋታ ቃል ነው፣ ትርጉም የለውም› ሊባል ይገባል፤ አለዚያ ትርጉሙን ያላወቀው እሱ ብቻ መስሎት አንደበቱ ይታሰራል። አጥብቆ ቢያነብም አላልቶ ቢያነብም ልክ ነው፤ ፊደሉ ያልነገረውን እኛ ልንጠይቀው አንችልም። ሳድሱንም እንዲሁ። ‹ጀ›ን ‹ዠ› ስለሚል ልጅ ግን እርስ በርሳችን አልተስማማንም፤ ግማሻችን የአገሩ አነጋገር ስለሆነ ይታለፍ እንላለን፣ ግማሻችን ደግሞ ሁለቱ በገበታው ላይ የተለያዩ ናቸው እንላለን። መምህራኖቻችን ቢያስረዱን ደስ ይለናል። ደግሞም ቃሉ በእርግጥ ባዶ መሆኑ ይጣራ። ከገብስ አንድ ድምፅ ተለውጦ የሚወጣው ‹ገባስ› ባዶ ይመስላል፤ ሰው ጆሮ ሲገባ ግን ‹ገባስ? ታዲያ ምን አለበት?› የሚል ጥያቄ ነው። በነፋስ መውጫ ምንም የማይል ቃል ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ላይ ነውር ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩን ከክፍል በፊት ለአገሩ ሰው፣ ቢቻል ለእናቶች፣ ማንበብ ይበጃል። እነሱ ከሳቁ ለምን እንደሳቁ ሳይጠየቅ ቃሉ አይወጣም።

231ዱ ቁራጭ ያለበት ካርቶን ከዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ሥር ተቀምጧል። ያለፈ ያገደመው ሦስት ሦስት እያወጣ፣ የወጣለትን ቃልና የመጣለትን ትርጉም ከጎኑ በተሰቀለው ወረቀት ላይ ይጻፍልን። ወረዳውንም ይጨምርበት፤ አንዱን ቃል ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ምን ብለው እንደሚሰሙት አስተያይተን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። ቁራጮቹን መልሳችሁ መክተት አትርሱ፤ ካሁኑ ‹ጰ› ጠፍቷል።