የጣና ውኃ፦ ለመብራቱም ለደንገሉም

ከዱርቤቴ ተነስተን ባሕር ዳር ስንደርስ የምናየው ጣና ለእኛ ውበት ነው፤ ለነገደ ወይጦ ሙስሊም ወገኖቻችን ግን እንጀራ ነው። ከዳርቻው ደንገል ታንኳ ይሠራሉ፤ ዓሣም ያጠምዳሉ። አምባዛና ቆሮሶ የሚራቡትም በዚያው ረግረግ ነው።

ከዚሁ ሐይቅ መብራትም እናገኛለን። በ2002 ዓ.ም የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ውኃውን ከምዕራቡ ዳርቻ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ይለቃል። የዓባይን መውጫ ደግሞ የጨረጨራ ግድብ ይቆጣጠራል።

ሐይቁ ሲወርድ ዳርቻው ይደርቃል፤ የደረቀው ይታረሳል፤ ደንገሉና ዓሣው ቦታ ያጣሉ። በ1995 ዓ.ም ድርቁና ለጢስ ዓባይ ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደምረው መርከቦችን እስከ ማቆም ደርሰዋል። ስለዚህ ሐይቁ እስከ የት ይውረድ የሚለው ስሌት የመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የደንገል ቆራጩም ጉዳይ ነው።

በኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 ዓ.ም ለሳሚ አጋዘን አርቢዎች ሲፈርድ የነፋስ ተርባይኖቹ ቀድመው ተተክለው ነበር። እኛ የነገ መሐንዲሶች አማና አለብን፤ ንድፉን ከመንደፋችን በፊት ታንኳ ሠሪውን እንጠይቅ።