የኔድ ኬሊ ትንፋሽ

በማያውቀው ዘዬ ተራኪን የሚያናግር ደራሲ ብዙውን ጊዜ የሚሮጠው ወደ ፊደል ነው፤ ቃሉን ሰበር፣ ድምፁን ዋጥ ያደርጋል። የጆርጂያው ነጭ ጋዜጠኛ ጆኤል ቻንድለር ሃሪስ በ1880ዎቹ ተረቶቹን በአንድ ጥቁር ሽማግሌ አንደበት ሲያስተርክ ያደረገው ይህንኑ ነው። የዛሬ አንባቢ ከተረቱ በፊት ከፊደሉ ጋር ይታገላል። የእኛም የቴሌቪዥን ኮሜዲ ባላገርን በተጣመመ ምላስ ያመጣዋል፤ ሳቁ ይገኛል፣ ሰውዬው ግን የለም።

አውስትራሊያዊው ፒተር ኬሪ በ2000 ባሳተመው «የኬሊ ወንበዴዎች እውነተኛ ታሪክ» ሌላ መንገድ ያዘ። ተራኪው ኔድ ኬሊ የአይሪሽ ወላጆች ልጅ፣ ባንክ ዘራፊ፣ በ1880 ሜልበርን ላይ የተሰቀለ ሽፍታ ነው። ኬሪ ደግሞ የመኪና ነጋዴ ልጅ ነው፤ ስመ ጥር አዳሪ ትምህርት ቤት ተምሮ ኒው ዮርክ የከተመ።

በሁለቱ መካከል ድልድይ የሆነው አንድ ደብዳቤ ነው። በየካቲት 1879 የኬሊ ቡድን የጄሪልደሪን ከተማ ይዞ ባንኩን ሲዘርፍ፣ ኔድ ለጓደኛው ለጆ በርን እየተናገረ ያስጻፈው 56 ገጽ በእጁ ነበር። ሊያሳትመው ፈለገ፤ አታሚው ግን አምልጧል። ወረቀቱ በአንድ የባንክ ሠራተኛ እጅ ገባና ሙሉ ቃሉ ለሕዝብ የታተመው በ1930 ነው። በውስጡ ክስ፣ ዛቻ፣ ቀልድና በፖሊስ ላይ የተወረወረ ስድብ ያለ ማረፊያ ይከታተላሉ። የተቆጣ ሰው ሲናገር ነጠላ ሰረዝ የት ያገኛል?

ኬሪ የወሰደው ይህን ትንፋሽ ነው። በልቦለዱ ነጠላ ሰረዝ የለም፤ ፊደሉ ግን በአብዛኛው እንደ ወትሮው ነው። የሰዋስው ስሕተቶቹም ጥቂት ሆነው ሳይለወጡ ይመላለሳሉ፤ አንባቢ ቶሎ ይለምዳቸዋል። ከሁሉ የምወደው ስድቡ ነው። ኔድ የሚጽፈው ደራሲው ለፈጠረለት ሴት ልጁ ስለሆነ ጸያፉን ቃል አንዳንዴ በሰረዝ ይሸፍናል፣ አንዳንዴ በቦታው «ቅጽል» ብሎ ያልፋል። በዚህች ብቻ ሽፍታውም አባትየውም ይሰማሉ። መጽሐፉ በ2001 የቡከር ሽልማትን አገኘ።

የአዲስ አበባ ልጅ ሆነህ በጎጃሜ ወይም በወሎዬ አንደበት ልቦለድ ልትጽፍ ካሰብህ፣ የቃላት ዝርዝር አትሰብስብ። አንድ ሽማግሌ የመሬት ክርክሩን ከጥንስሱ እስከ ፍርዱ ሲያወጋ ቁጭ ብለህ ቅዳ፤ የት እንደሚተነፍስም ልብ በል።