እውነት ወይስ ተረት? የድሬ ቢምቢ ረግረግ አትፈልግም

ከጥር እስከ ግንቦት 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ከ2,400 በላይ ሰው በወባ ታመመ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው 205 ብቻ ነበር። ነገሩን እንቆቅልሽ ያደረገው ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ወረርሽኙ የተነሣው በደረቁ ወቅት፣ ከተማዋን አቋርጦ በሚወርደው በደቻቱ ወንዝ ከአሸዋ በቀር ምንም በማይታይበት ሰዓት ነው። በሽታው ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱም የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መኖሪያ ነበር።

የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች፣ ዶ/ር ፍጹም ግርማን ጨምሮ፣ የሕመምተኞቹን ቤትና ዙሪያውን ሲፈትሹ መልሱን አገኙት። ከያዟቸው አዋቂ የአኖፊለስ ትንኞች 97 በመቶ ያህሉ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የእስያ ዝርያ ነበረች። ይቺ እንግዳ አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ጅቡቲ 27 የወባ ሕመምተኛ ብቻ መዝግባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ቁጥሩ ከ73,000 አለፈ። እኛ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች።

ድሬ ላይ ግን ወሬው ከምርምሩ ቀድሞ ይሮጣል። ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ በርጫ ላይ ተደጋግሞ የሚሰማውን እንየው።

ተረት፦ «ወባ የክረምት በሽታ ነው፤ ድሬ ምን ረግረግ አላት?»

ይህ አባባል ከሜዳ የመጣ አይደለም። ለዘመናት ያስቸገረችን አኖፊለስ አረቢየንሲስ የምትራባው ዝናብ ጥሎት በሚሄደው ውሃና በወንዝ ዳር ኩሬ ውስጥ ስለሆነ አገሩ ሁሉ ወባን ከመስከረምና ከጥቅምት ጋር አቆራኝቶ ነው የሚያውቀው። ስቴፈንሲ ግን ዝናብ አትጠብቅም። የምትፈልገው ሰው ያጠራቀመውን ውሃ ነው፦ ሮቶ፣ በርሜል፣ ግንባታ ቦታ ላይ ሲሚንቶ ማቡኪያና ብሎኬት ማጠጫ ተብሎ የሚቆፈር የውሃ ጉድጓድ፣ ሜዳ ላይ የተጣለ ጎማ።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። ድርቁ ሲጠና ቧንቧው ይጠፋል፤ ቧንቧው ሲጠፋ እያንዳንዱ ቤት የቻለውን ያህል ያጠራቅማል፤ ባጠራቀመው ልክ ለቢምቢዋ መራቢያ ያሰናዳል። የደረቀ ከተማ ለዚህች ዝርያ የተመቸ ከተማ ነው።

ተረት፦ «ቢምቢ በቆሻሻ ውሃ ነው የምትራባው፤ የኔ ሮቶ ንጹሕ ነው»

ከሁሉ አደገኛው ይሄኛው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የሚያምኑት ንጹሕ ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው። በቆሻሻ ፍሳሽ ውስጥ የሚራባ የትንኝ ዓይነት በርግጥ አለ፤ ኩሌክስ ይባላል፣ ሌሊት ጆሮ ሥር እያዜመ እንቅልፍ የሚነሣው በአብዛኛው እሱ ነው። ወባ የምታመጣዋ ስቴፈንሲና ደንጊ የምታመጣዋ ኤደስ ግን ለመጠጥና ለማብሰያ ብለን ያስቀመጥነውን ውሃ ነው የሚመርጡት።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ ሰው የእጅ ባትሪ ይበቃዋል። በርሜሉን ቀስ ብሎ ከፍቶ ብርሃኑን በአግድሙ ያብራ። ከጥፍር ያነሱ፣ ክር የመሰሉ እጮች ካሉ አቀማመጣቸውን ይመልከት። ውሃው ገጽ ላይ ልክ እንደ ተንሳፈፈ ገለባ ዝርግ ብለው የተኙት የአኖፊለስ ልጆች ናቸው። ጭራቸውን ወደ ላይ፣ ራሳቸውን ወደ ታች አድርገው የተንጠለጠሉት ደግሞ የኤደስ ወይም የኩሌክስ። የእጅ ጥላ ሲያርፍባቸው ሁሉም እየተወራጩ ወደ ታች ይጠልቃሉ፤ ትንሽ ቆይተው ለመተንፈስ ተመልሰው ይወጣሉ። ውሃው ግን ኩልል ያለ ነው። ቡና ቢፈላበት ማንም ቅር አይለውም።

ኤደስ አንድ ተጨማሪ ተንኮል አላት። እንቁላሏን የምትጥለው በውሃው ላይ ሳይሆን ከውሃው በላይ ባለው የበርሜል ግድግዳ ላይ ነው፤ ያ እንቁላል ደርቆ ወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉን መድፋት ብቻውን አይበቃም። ግድግዳው በሸካራ ነገር መፈተግ አለበት፣ በየሳምንቱ። ሳምንት የተባለው በድሬ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጊዜ ከዚያ ብዙም ስለማይረዝም ነው። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው የደንጊ ወረርሽኝ የፈነዳው እዚሁ ድሬ ነው፤ ከ11,000 በላይ ሰው ታመመ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ መጥቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። ሁለቱንም ያመላለሰችው ይህችው የበርሜል ኤደስ ናት።

ግማሽ እውነት፦ «አጎበርና ርጭት ካለ ምን ቀረ?»

አጎበሩን ማንም እንዳይጥል። ሌሊት ይከላከላል። ነገር ግን ኤደስ የምትነክሰው ቀን ነው፤ ስቴፈንሲም ሰው አልጋ ላይ እስኪወጣ አትታገስም፣ ከምሽቱ ጀምራ ደጅ ላይም ትነክሳለች። በድሬ ሙቀት ደግሞ ምሽቱ የሚያልፈው በረንዳና ግቢ ውስጥ ነው። በርጩማውና ፍራሹ ከቤት በወጣበት ከተማ ውስጥ መኝታ ቤት የተሰቀለ አጎበር ማንን ይጠብቃል?

የቤት ውስጥ ርጭትም ቢሆን የተሠራው በልታ ግድግዳ ላይ ለምታርፍ ቢምቢ ነው። ስቴፈንሲ ብዙ ጊዜ የምትገኘው በፍየልና በከብት በረት አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ የተመረመሩት የዚህች ዝርያ ትንኞች ለአብዛኞቹ የተለመዱ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች የማይበገሩ ሆነው ተገኝተዋል። አዋቂዋን ማሳደድ አድካሚም ውድም ነው። ገና ክንፍ ሳታወጣ ቤቷን መንሣት ይቀላል፤ ቤቷ ደግሞ የኛው ሮቶ ነው።

ተረት፦ «ወባ የሐኪም ሥራ ነው፤ መሐንዲስ ምን አገባው?»

ሐኪሙ የታመመውን ያድናል። ሮቶው ጣሪያ ላይ ለምን ክዳኑ ተሰንጥቆ በድንጋይ ተጭኖ እንደተቀመጠ ግን ሐኪም አይጠየቅም።

ስቴፈንሲን ከኛ በፊት የሚያውቋት ሕንዶች ናቸው። ያኔ ቦምቤይ ትባል የነበረችው ሙምባይ ከመቶ ዓመት በፊት በዚህችው ትንኝ ስትታመስ፣ ቻርልስ ቤንትሊ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 ባወጣው ዘገባ መራቢያዋ በየግቢው ያሉት የውሃ ጉድጓዶችና ማጠራቀሚያዎች መሆናቸውን አሳየ። ከተማዋ መልስ የሰጠችው በግንበኛና በቧንቧ ሠራተኛ ነው። ጉድጓዶች ተደፈኑ፣ የቀሩት ተከደኑ፤ የጣሪያ ታንከር ሁሉ ትንኝ የማያስገባ ክዳን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ ወጣ። ሰው ጉድጓዴን አትንኩብኝ ብሎ መሟገቱ አልቀረም፤ ከፊሉ በሃይማኖት ምክንያት ጭምር። ደንቡ ግን ጸና። ዛሬም ሙምባይ ውስጥ ታንከሩ ክዳን ብቻ ሳይሆን ተቆጣጣሪው የሚወጣበት መሰላልም እንዲኖረው ይጠየቃል። መሰላሉ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ የማያይ ቁጥጥር ግን ወረቀት ላይ ይቀራል፤ የኛን ቁጥጥር ደግሞ እናውቀዋለን።

የድሬን ሮቶ በዚህ ዓይን ብናየው ቀዳዳው ብዙ ነው። ክዳኑ በፀሐይ ተጣሞ አይገጥምም። የትርፍ ውሃ መውጫው ቱቦ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ክዳኑን የዘጋ ሰው እንኳ እሱን ይረሳዋል። ለትንኝ ግን ከዚያ የተሻለ በር የለም። መዝጊያው አንድ እጅ የማይሞላ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊትና ማሰሪያ ሽቦ ነው። ይህን ለመሥራት ዲግሪ አያስፈልግም፤ የሮቶ ነጋዴው ሲሸጥ ወንፊቱን አብሮ እንዲሸጥ፣ ቧንቧ ሠራተኛው ሲገጥም እንዲያስረው ማድረግ ግን ደንብ ይፈልጋል።

ትልቁ ሥራ ያለው ከቤት ውጭ ነው። ሰው የሚያጠራቅመው ቧንቧውን ስለማያምነው ነው። ውሃ በፈረቃ እስከመጣ ድረስ በርሜል አታስቀምጡ ብሎ መስበክ ጉንጭ ማልፋት ነው። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር በፓምፕ የሚወጣ በመሆኑ መብራት ሲጠፋ ውሃም ይጠፋል። ለጉድጓዶቹ ተጠባባቂ ኃይል የሚያሰናዳው፣ መሬት ውስጥ የሚንጠባጠበውን አሮጌ ቧንቧ ፈልጎ የሚጠግነው፣ ግፊቱን ከሰፈር ሰፈር የሚያመጣጥነው ሰው ስሙን በወባ መከላከል መዝገብ ላይ አያገኘውም። ሊያገኘው በተገባ ነበር።

ባብዛኛው ተረት፦ «የድሬ ውሃ ኩላሊት ይፈጃል»

ስለ ድሬ ውሃ ከተነሣ አይቀር ይህም አብሮ ይሰማል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። ድሬ የተቀመጠችው በኖራ ድንጋይ በበለጸገ መሬት ላይ ስለሆነ ውሃዋ ካልሲየምና ማግኒዥየም ተሸክሞ ይወጣል። ቧንቧ ይደፍናል፣ ሳሙና ያባክናል፣ የውሃ ማሞቂያ ይገድላል። የኩላሊት ጠጠር ያመጣል የሚለው ግን አልተረጋገጠም። በሞቃት አገር የኩላሊት ጠጠር ዋናው መንስኤ በቂ ውሃ አለመጠጣት ነው፤ ነጩን ቅርፊት ፈርቶ ከውሃ የሚሸሽ ሰው የሸሸውን ነገር ይጠራል።

መፍራት ካለብን የማይታየውን ነው። የከተማዋን ውሃ ለረጅም ጊዜ የያዙት የሳቢያን ጉድጓዶች ዛሬ ከመኖሪያ ሰፈር መሐል ናቸው። አብዛኛው ቤት የጉድጓድ ሽንት ቤት ይጠቀማል፤ ከዚያ የሚሰርገው ናይትሬት በተሰነጣጠቀው አለት ውስጥ ወደ ከርሰ ምድሩ ውሃ ይወርዳል። በከተማዋ ጉድጓዶች ውስጥ ከፍ ያለ ናይትሬት መገኘቱን ጥናቶች መዝግበዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ የሚያድጉ ጨቅላ ሕፃናት ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይዳከማል። ቀለም የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያከማቸዋል። መፍትሔው የፍሳሽ መስመር፣ የጉድጓዶቹን ዙሪያ ማስከበርና ከከተማው ርቆ መቆፈር ነው። ነጩን ቅርፊት ግን በሎሚ ማጠብ ይቻላል።

ተረት፦ «ግንብ ስለተሠራ ደቻቱ ከእንግዲህ አያሰጋም»

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሰው በተኛበት መጥቶ ከ250 በላይ ነፍስ አጠፋ። ከተማው ላይ ያን ያህል ዝናብ ስላልነበረ ብዙዎች አልጠረጠሩም። ዝናቡ የጣለው በላይ፣ በደንገጎ በኩል ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ነው። ከዚያ ወዲህ ዳርና ዳሩ ግንብ ተሠርቷል፤ ብዙ አድኗል። ግንብ ግን ውሃውን ያሳልፋል እንጂ አይቀንሰውም፤ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በድሬ ጎርፍ እንደገና ሰው ሞቷል። በጠራ ሰማይ ሥር አሸዋው ላይ ገበያ የሚዘረጋ፣ መኪና የሚያጥብ ሰው ዛሬም አለ።

ጎርፉ የሚቀንሰው ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው፤ እርከን፣ የድንጋይ ክትር፣ የተራቆተውን ተዳፋት መልሶ ማልበስ። የሚቆመውም ውሃ አይባክንም፤ ቀስ ብሎ ሰርጎ ከታች ላሉት ጉድጓዶች ይደርሳል። በአንድ ሌሊት ሲመጣ የሚገድለው ውሃ በዓመት ተከፋፍሎ ሲሰርግ ቧንቧውን ይሞላል፤ ቧንቧው ሲሞላ በርሜሉ ይቀንሳል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ከክትሩ ኋላ ውሃ ሳይሰርግ ለሳምንታት ከተኛ ያው ቢምቢ ይፈለፈልበታል፤ ስለዚህ ክትሩን የሚነድፈው መሐንዲስ የትንኝ ባለሙያውን አስቀድሞ ያማክር። ሌላው ችግር የሒሳብ ነው። ተፋሰሱ የሚጀምረው ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው፤ ጎርፉ የሚያርፈው ድሬዳዋ አስተዳደር ላይ ነው። ላይኛው ገበሬ እርከን ሲሠራ የሚጠቀመው በአመዛኙ ታችኛው ከተሜ ነው። የላይኛውን ላብ የታችኛው በጀት እንዲከፍልበት ሁለቱ አስተዳደሮች ተቀምጠው መዋዋል አለባቸው፤ የእርከኑ ድንጋይ ከዚያ በኋላ የሚቸግር አይደለም፣ ተራራው ላይ ሞልቷል።