የፉሪ ተራራው አድማጭ

ከአየር ጤና ወይም ከካራ ቆሬ ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው ፉሪ ተራራ ሩቅ አይደለም፤ በቀጥታ መስመር ቢለካ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ በምዕራብ ወጨጫን፣ በደቡብ ፉሪን እያየ ይውላል። ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ተራሮች ናቸው፤ እሳታቸው ከበረደ ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ፉሪ ላይ ሥራ ያልፈታው ሌላ ነገር ነው። እዚያ የተተከለ ሴይስሞሜትር፣ ማለትም የመሬት ንዝረት መለኪያ፣ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሌት ተቀን ይመዘግባል። ጣቢያው በዓለም ዙሪያ ከተዘረጋው፣ 150 ገደማ ጣቢያዎች ካሉት መረብ አንዱ ሲሆን በመረቡ ውስጥ የሚጠራበት ስምም «ፉሪ» ነው። ስለ አዲስ አበባ ከስሟ በቀር ብዙም የማያውቅ የውጭ አገር የርዕደ መሬት ተመራማሪ ፉሪን በሚገባ ያውቃታል፤ ከተራራው ማዶ የሚኖረው የእኛ ሰው ግን መሣሪያው መኖሩን የሰማ አይመስለኝም።

በ2017 ዓ.ም. ይህ መሣሪያ ሥራ በዝቶበት ነበር። መስከረም 26 ቀን ምሽት አዲስ አበባ ተነቃነቀች፤ ፎቅ ላይ ያለው ሰው የተንጠለጠለው አምፖል ሲወዛወዝ አይቶ ልጆቹን ይዞ በደረጃ ወረደ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት መጠኑ 5.7 ገደማ የሆነ፣ የካቲት 7 ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ደግሞ 6 ገደማ የደረሰ መንቀጥቀጥ ተከተለ። ትናንሾቹንማ ቆጥሮ የሚዘልቃቸው መሣሪያ ብቻ ነበር። የሁሉም ምንጭ ከተማዋ ሥር ሳይሆን ከፉሪ ወደ ምሥራቅ 140 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ የሚርቀው የፈንታሌና የዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ነው።

ቁጥሮቹን በተመለከተ አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልበል። ዜናው ሁልጊዜ «በሬክተር ስኬል» ይላል፤ ባለሙያዎች ለትልልቆቹ መንቀጥቀጦች የሚጠቀሙበት ስሌት ከተለወጠ ቆይቷል፤ ውጤቱ ስለሚቀራረብ ግን በዚህ የሚጎዳ ሰው የለም። ይልቅ የሚያሳስተው 5 እና 6 ጎረቤት ቁጥሮች መምሰላቸው ነው። ከ5 ወደ 6 ሲኬድ ወረቀቱ ላይ የሚሳለው ሞገድ በአሥር እጥፍ ያድጋል፤ የሚለቀቀው ጉልበት ደግሞ 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል።

መሬት ሲንቀጠቀጥ መለካት ከባድ የሆነበት ምክንያት መለኪያውም የቆመው በዚያው በሚንቀጠቀጠው መሬት ላይ መሆኑ ነው። ሁሉም ነገር አብሮ ሲነቃነቅ ከምን አንጻር ይለካል? መልሱ ክብደት ነው። ሚኒባስ ታክሲ ድንገት ሲነሳ ተሳፋሪው ወደ ኋላ የሚንገዳገደው ሰውነቱ በነበረበት ለመቆየት ስለሚታገል ነው። ሴይስሞሜትር ውስጥም በስፕሪንግ የተያዘ ክብደት አለ። መሬቱና የመሣሪያው አካል ሲነቃነቁ ክብደቱ ባለበት ለመቅረት ይሞክራል፤ የሚመዘገበው በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ልዩነት ነው። በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ክብደቱ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ በማግኔት መካከል ሲንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጭ ነበር። ዛሬ ያሉት ክብደቱን ጭራሽ እንዲንቀሳቀስ አይፈቅዱለትም፤ ሊነቃነቅ ሲል በኤሌክትሮኒክስ ገፍተው ይመልሱታልና፣ ለመመለስ የወጣው ኃይል ራሱ ልኬቱ ይሆናል። በዚህ ብልሃት የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል የሚያህል እንቅስቃሴ እንኳ ሳይያዝ አያልፍም። መሬት ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለምትነቃነቅ ልኬቱ በሦስቱም አቅጣጫ ይወሰዳል። ከጎኑ በሳተላይት የሚታረም ሰዓት አለ። ሰዓቱ ባይኖር የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም፤ የዚህ ሥራ ግማሹ መቼ እንደደረሰ ማወቅ ነውና።

ለምን ቢባል፣ ከመንቀጥቀጡ ሁለት ዓይነት ሞገዶች ይነሳሉ። አንደኛው ዓለቱን በጉዞው አቅጣጫ እየገፋና እየሳበ በሴኮንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል። ሁለተኛው ዓለቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ በሴኮንድ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይከተላል። ፈንታሌ ላይ አንድ ነገር ቢሰነጠቅ የመጀመሪያው ሞገድ ፉሪ የሚደርሰው በ23 ሴኮንድ ገደማ፣ ሁለተኛው በ40 ሴኮንድ ገደማ ነው። ፎቅ ቤት ያለ ሰው መጀመሪያ አጭር ንቅናቄ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ጠንከር ያለ ውዝዋዜ የሚሰማው ለዚህ ነው። በመካከላቸው ያለውን የሴኮንድ ልዩነት በ8 ማባዛት ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግርድፉ ይሰጣል፤ 17 ሴኮንድ ከሆነ 136 ኪሎ ሜትር። ነገር ግን አንድ ጣቢያ ርቀቱን እንጂ ቦታውን በትክክል አይነግርም። 136 ኪሎ ሜትር በምሥራቅም በምዕራብም አለ። ሦስትና ከዚያ በላይ ጣቢያዎች የየራሳቸውን ክብ ሲስሉ ክቦቹ የሚገናኙበት ነው ምንጩ። ፉሪ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ያን ያህል አትጠቅምም ነበር።

መለካቱ የተጀመረው ግን ፉሪ ላይ አይደለም። ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተካሄደበት በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። የመሠረቱት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒየር ጉዊን ናቸው። መጀመሪያ የተፈለገው የመሬትን ማግኔታዊ ኃይል ለመለካት ነበር፤ የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። የንዝረት መለኪያው ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጣ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ጣቢያው አሜሪካ በብዙ አገሮች ከተከለችው አንድ ዓይነት የመሣሪያ መረብ ጋር ተቀላቀለ። አሜሪካ ይህን ሁሉ ወጪ ያወጣችው ስለ ስምጥ ሸለቆ ተጨንቃ እንዳይመስላችሁ፤ ሶቪየት ኅብረት ከመሬት በታች የምታደርገውን የኑክሌር ሙከራ ከተፈጥሮ መንቀጥቀጥ ለመለየት ነበር። ያኔ መዝገቡ የፎቶግራፍ ወረቀት ነው፤ በሚዞር በርሜል ላይ ይጠቀለላል፣ የብርሃን ነጥብ ይስልበታል፣ በየቀኑ ወረቀቱ ተለውጦ በጨለማ ክፍል ይታጠባል።

ጣቢያው ገና ጥቂት ዓመታት እንደሠራ የሰሜን ሸዋው ካራ ቆሬ ተንቀጠቀጠ። የኮልፌው ካራ ቆሬ ከዚያኛው ጋር ስሙ እንጂ ታሪኩ አይገናኝም፤ የሰሜን ሸዋው ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ተከታታይ መንቀጥቀጥ አካባቢውን መታው፤ ትልቁ መጠኑ ከ6 በላይ ነበር፤ ማጀቴ ከተማ ፈረሰች። ጉዊን ከመሣሪያው መዝገብ በተጨማሪ የተጓዦችን ማስታወሻና የድሮ ጽሑፎችን እያገላበጡ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ጻፉ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ። ከ1898 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የላንጋኖ አካባቢ መንቀጥቀጥ፣ አዲስ አበባን በምኒልክ ዘመን ያስደነገጠው፣ በአፋር እስከ ደረሰው የሰርዶ ከተማ የመንቀጥቀጥ ጥፋት ድረስ ያሰፈሩት መጽሐፍ ዛሬም የዚህ ሙያ ሰው ከጠረጴዛው የማያነሳው ነው። ኦብዘርቫቶሪው አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኗል። በ2017ቱ ጭንቀት በየሬዲዮውና በየቴሌቪዥኑ እየቀረቡ ሲያስረዱ የነበሩት ፕሮፌሰር አታላይ አየለ የዚህ ተቋም ሰው ናቸው።

ባለፉት ሃያ ዓመታት የተገኘው ዕውቀት ከዚያ በፊት ከነበረው ጋር አይወዳደርም። ከመስከረም 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በአፋር ዳባሁ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ በቅልጥ ዓለት ተሞላ፤ መሬቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ስምጥ ሸለቆው በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቀስ እያለ ይሰፋል ብለን ስንማር ኖረናል። እውነት ነው፤ በአማካይ። ቁም ነገሩ ግን መሬቱ ለዘመናት ሲወጠር ቆይቶ የከረመውን ሂሳብ አንድ ቀን በአንዴ ማወራረዱ ላይ ነው። የፈንታሌውም ነገር ከዚሁ ወገን ነበር። የሴይስሞሜትር መዝገቦች መንቀጥቀጡ ከፈንታሌ ወደ ዶፈን፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየተጓዘ መሄዱን አሳዩ፤ ከላይ የራዳር ሳተላይቶች የመሬቱን መከፈትና መስመጥ ለኩ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ከሥር ቅልጥ ዓለት ግድግዳ ሆኖ እየገባ መሆኑ ተገለጠ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ዶፈን አቅራቢያ እንፋሎትና አቧራ ከመሬት ሲፈነዳ ብዙዎች እሳተ ገሞራ ፈነዳ ብለው ነበር፤ ቅልጥ ዓለቱ ግን ወደ ላይ አልወጣም። በዓመቱ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ ደግሞ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደረሰ።

በ2017ቱ መንቀጥቀጥ ሰሞን በየሰፈሩ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ዛሬ ማታ ይመጣል?» ይህን መሣሪያው አይመልስም። ቀኑንና ሰዓቱን ቆርጦ የሚናገር ሰው ካጋጠማችሁ ከሙያው ውጭ ያለ ሰው ነው። የማይመለስ ጥያቄ እየጠየቅን ሊመለስ የሚችለውን መርሳታችን ግን ያሳዝነኛል። ሊመለስ የሚችለው ጥያቄ የእኔ ቤት የቆመበት መሬት ሲነቃነቅ እንዴት ይነቃነቃል የሚለው ነው።

ይህ ለኮልፌ ቀራንዮ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከወጨጫ ግርጌ እስከ ትንሹ አቃቂ ገባሮች ድረስ ያለው መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ጋ ሲቆፈር ድንጋዩ ቶሎ ይገኛል፤ ሌላው ጋ ድንጋዩ በስብሶ ሸክላ አፈር ሆኗል፤ ወንዝ ዳር ደግሞ ገደል ተሞልቶ፣ ተደልድሎ ቤት ተሠርቶበታል። ልል አፈር ከሥሩ የመጣለትን ንዝረት ያጎላል። ተዳፋት ላይ የተከመረ ነገር ምን ሊያደርግ እንደሚችልማ ክፍለ ከተማው ያለ መንቀጥቀጥም አይቷል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ረጲ ላይ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ለከተሞች የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋት ጥናት ከመረጣቸው ዘጠኝ የዓለም ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሕንፃ ኮድም የከተማዋን የስጋት ደረጃ ከቀድሞው ከፍ አድርጎታል። ይህ ደረጃ ግን ስለ ዓለቱ ነው የሚናገረው፤ በላዩ ያለው አፈር በየቦታው መለካት አለበት።

እዚህ ላይ ሴይስሞሜትር ያልታሰበ ጥቅም ይሰጣል። ለፉሪ የከተማ ጫጫታ ጠላት ነው። መኪናው፣ ፋብሪካው፣ የግንባታው መዶሻ ሁሉ መዝገቡ ውስጥ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም በኮሮና ቤቱ ሲቀመጥ በብዙ አገሮች የመሬት ጫጫታ እስከ ግማሽ ድረስ መቀነሱ ተለክቷል። ዛሬ ፉሪ የሸገር ከተማ አንድ ክፍለ ከተማ ሆናለች፤ ግንባታው ወደ ተራራው በቀረበ ቁጥር ጣቢያው ትንንሾቹን ንዝረቶች ለይቶ መስማት ይከብደዋል። ከተራራው ወደ ከተማው ሲወረድ ግን ያው ጫጫታ መለኪያ ይሆናል። በእጅ የሚያዝ አነስተኛ ሴይስሞሜትር አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል የታክሲውንና የአይሱዙውን ንዝረት ይቀዳል፤ ጉድጓድ መቆፈር፣ ፈንጂ መተኮስ የለም። ወደ ጎን ያለው ንዝረት ወደ ላይና ወደ ታች ካለው ጋር ሲነጻጸር አፈሩ በየትኛው ፍጥነት መወዛወዝ እንደሚወድ ይታወቃል። ጃፓናዊው ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ1989 ያስፋፋው ዘዴ ነው።

የሚገኘው ቁጥር ምን ያደርጋል? አፈሩ 30 ሜትር ቢወፍርና ጎን ለጎን የሚያወዛውዘው ሞገድ በሴኮንድ 240 ሜትር ቢጓዝበት፣ ያ መሬት በሴኮንድ ሁለት ጊዜ መወዛወዝ ይቀናዋል። አምስት ወለል ያለው፣ ጂ ፕላስ ፎር የምንለው ኮንዶሚኒየምም በግርድፍ ስሌት በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ገደማ ነው የሚወዛወዘው። መሬቱና ሕንፃው ከተገጣጠሙ አንዱ የሌላውን ያባብሳል። አፈሩ 15 ሜትር ብቻ ከሆነ ቁጥሩ በሴኮንድ አራት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ኮንዶሚኒየሙ በመጠኑ ይድናል፣ ከጎኑ ያለው ጂ ፕላስ ዋን ቤት ተራውን ይወስዳል። ሁለቱ ሕንፃዎች በአንድ መንገድ ፊት ለፊት የቆሙ ሊሆኑ ይችላሉ።