የዕፀዋት ዐይነት በምድር ላይ እንደምን ተከፈለ

እግዚአብሔር ምድርን በዕፀዋት አለበሳት። ሣሩ፥ አበባው፥ ቍጥቋጦው፥ ታላቁም ዛፍ ሁሉ የምድር ልብስ ነው። ነገር ግን ይህ ልብስ በስፍራው ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። በአንዱ አገር ብዙ ቀለም እንዳለው ጥልፍ ያሸበረቀ ነው፤ በሌላው አገር ግን ስስ ነው፥ ጌጡም ጥቂት ነው። ሊቃውንት ስም አውጥተው የጻፏቸው አበባ የሚያወጡ ዕፀዋት 300,000 ያህል ዐይነት ናቸው። ከእነዚህም የሚበልጡት በምድር ወገብ ግራና ቀኝ ባለው በሞቃቱ አገር ይገኛሉ።

በደቡብ ዋልታ ያለው አገር አንታርክቲካ ይባላል። ምድሩ በበረዶ የተሸፈነ ነው። በዚያ አገር በተፈጥሮ የሚበቅሉት አበባ የሚያወጡ ዕፀዋት 2 ብቻ ናቸው። አንዱ ሣር ነው፤ ሁለተኛውም ተጠጋግቶ በመሬት ላይ የሚበቅል ትንሽ ተክል ነው። በደቡብ አሜሪካ ግን፥ በኤኳዶር አገር፥ ያሱኒ የሚባል ታላቅ ዱር አለ። ሊቃውንት በዚያ ዱር 25 ሄክታር ለክተው ዕንጨቱን አንድ በአንድ ቈጠሩ። ይህ ስፍራ አንድ ጋሻ መሬት እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ከ1,000 የሚበልጥ የዛፍና የቍጥቋጦ ዐይነት ተገኘበት።

ይህ ልዩነት ስለ ምን ሆነ? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ፊተኛው ምክንያት ሙቀትና ዝናም ነው። ዓመቱን ሙሉ ሙቀትና ውሃ በሚገኝበት አገር ለብዙ ዐይነት ተክል መኖር ይቀለዋል፤ ውርጭ በሚጸናበት አገር ግን ብርድን መታገሥ የሚችለው ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው ምክንያት ዘመን ነው። በጥንት ዘመን የሰሜን አውሮፓና የሰሜን አሜሪካ አገሮች በወፍራም በረዶ ተሸፍነው ነበር። በረዶው ከቀለጠ በኋላ ዕፀዋት እንደ ገና ከደቡብ ወደዚያ ገቡ። ሞቃቱ አገር ግን እንዲህ ባለ በረዶ አልተሸፈነም፤ ስለዚህ ዕፀዋቱ ሊበዙና ሊለያዩ ረጅም ዘመን አገኙ።

ሦስተኛው ምክንያት የምድሩ ከፍታና ዝቅታ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1802 ዓመት አሌክሳንደር ሁምቦልት የሚባል የጀርመን ሊቅ ቺምቦራዞ በሚባል የኤኳዶር ተራራ ላይ ወጣ። በወጣም ቍጥር ዕፀዋቱ ሲለዋወጡ አይቶ እያንዳንዱ ተክል በየትኛው ከፍታ እንደሚበቅል በሥዕል አሳየ።

ይህንኑ ነገር የኢትዮጵያ ልጅ በአገሩ ሊያየው ይችላል። በቈላ ግራር ይበቅላል፥ ማሽላም ይዘራል። በወይና ደጋ ዋንዛና ወይራ ይታያሉ፤ ጤፍም ይታጨዳል። በደጋ ጥድና ኮሶ ይቆማሉ፤ ገብስም ያፈራል። ከዚያ በላይ፥ ብርዱ በሚበረታበት በውርጭ አገር፥ ጅብራ ብቻውን እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ይታያል። አንድ መንገደኛ ከቈላ ተነሥቶ ወደ ስሜን ተራራ ቢወጣ በጥቂት ቀን መንገድ የብዙ አገር ዕፀዋት ያያል። ስለዚህ በኢትዮጵያና በኤርትራ 6,000 ያህል የዕፀዋት ዐይነት ይገኛል፤ ከ10 አንዱ ያህልም በሌላ አገር አይበቅልም።

ደግሞም ዐፈሩ የደኸየ አገር ሁሉ ዕፀዋቱ ጥቂት አይደሉም። በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ያለው የኬፕ አገር ዐፈሩ ደካማ ነው፥ በጋውም ደረቅ ነው። ነገር ግን 9,000 ያህል ዐይነት ይበቅልበታል፤ ከእነዚህም የሚበልጡት በዓለም ላይ ሌላ ስፍራ የላቸውም። እንግዲህ ድኻ የሚመስለውን መሬት መናቅ አይገባም።

የዕፀዋት ዐይነት መብዛት ለዓይን ደስታ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ ለሰው ሕይወት ጠባቂ ነው። በአየርላንድ አገር ድኾች የሚበሉት ድንች ነበረ፤ የሚበዙትም አንድ ዐይነት ድንች ብቻ ይተክሉ ነበር። በ1845 ዓመት የድንች በሽታ በዚያ አገር ገባ። አንዱን ያጠፋ በሽታ ሁሉንም አጠፋ። በጥቂት ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በራብና በደዌ አለቀ፤ ብዙም ሰው አገሩን ጥሎ በባሕር ተሰደደ። የኢትዮጵያ ገበሬዎች ግን ከጥንት ጀምረው ብዙ ዐይነት ገብስ እየዘሩ ኖሩ። ኋላም በአሜሪካ ገብስን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጭ በሽታ በተነሣ ጊዜ ሊቃውንት ያን በሽታ የሚቋቋም ዘር በኢትዮጵያ ገብስ ውስጥ አገኙ። ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ በጐተራው ያኖረው ዘር ለሩቅ ሰው መድኀኒት ሆነ።

በ1927 ዓመት ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል የሩሲያ ሊቅ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴና የገብስ፥ የሌላውንም እህል ዘር ሰበሰበ። ከብዙ አገር የሰበሰበው ዘር በዚያን ጊዜ ሌኒንግራድ ትባል በነበረች ከተማ ተቀመጠ። ከ1941 እስከ 1944 ዓመት ጠላት ከተማይቱን ከቦ በራብ አስጨነቃት። የዘሩ ጠባቂዎች በሩዝና በስንዴ መካከል ተቀምጠው ተራቡ፤ ነገር ግን ለሚመጣው ትውልድ የተጠበቀውን ዘር አልበሉም። ከእነርሱም አያሌዎቹ በራብ ሞቱ፤ ዘሩ ግን ተረፈ። ቫቪሎቭም ራሱ በገዛ መንግሥቱ ታስሮ በ1943 ዓመት በወህኒ ቤት ሞተ።

ዛሬ ዕፀዋትን የሚያጠፋው ብርድና በረዶ ብቻ አይደለም፤ የሰው ምሳርና እሳትም ነው። በጐጃምና በጐንደር በብዙ ስፍራ ጥንታዊ ዛፍ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ብቻ ነው። የቀረውም አባቶች ደኑን አክብረው ስለ ጠበቁት ነው።

ዛፍ ቢቈረጥ ዘሩ ካለ እንደ ገና ይበቅላል። ዘሩ ከጠፋ ግን የሰው ጥበብ ሁሉ ሊፈጥረው አይችልም። ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ ስሙን የማታውቁትን ተክል በከንቱ አትንቀሉ፤ ስሙን ከሚያውቁት ሽማግሎች ጠይቃችሁ ተማሩ። ዛሬ የተናቀችው ቅጠል ነገ የሰውን ሕይወት ታድን ይሆናል።