በበረዶ መካከል የሚጠማ ባክቴሪያ

ወተትን እርጎ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎች በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ቅዝቃዜ፣ ለዓመታት ተቀምጠው ሲወጡ እንደገና ወተት ያረጋሉ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ በሆነው የቤት ፍሪዘር ውስጥ ግን ቁጥራቸው እየተመናመነ ይሄዳል። ገዳዩ ብርዱ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። ባክቴሪያን በዋናነት የሚገድለው ውሃው በረዶ ሲሆን የሚመጣው ጥማት ነው፤ እነዚህን ረቂቅ ሕያዋን ማቆየትም ውሃን የመግራት ሥራ ነው።

ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ አስቀድሞ በረዶ የሚሆነው ንጹሑ ውሃ ነው። የበረዶ ክሪስታል ጨውም ሆነ ስኳር አይቀበልም፤ ገፍቶ ያስወጣቸዋል። ስለዚህ በክሪስታሎቹ መካከል በሚቀሩት ቀጫጭን የፈሳሽ መስመሮች ውስጥ ጨው ይከማቻል፤ ባክቴሪያውም ተጣብቦ የሚቀረው እዚያው ነው። ጨው የተነሰነሰበት የቋንጣ ሥጋ ውሃውን እንደሚተፋ ሁሉ፣ ባክቴሪያውም በውስጡ ያለውን ውሃ ለውጩ ጨዋማ ፈሳሽ ይለቃል፤ ይኮማተራል፤ ሽፋኑ ይጨማደዳል፣ ይጎዳል። ታዲያ በፍጥነት ማቀዝቀዝ አይበጅም ወይ? በከፊል ይበጃል። ፒተር ማዙርና ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት፣ በሃምስተር ሕዋሳት ላይ በተደረገ ጥናት፣ ጉዳቱ ከሁለት ወገን እንደሚመጣ አመለከቱ። ዝግ ያለ ቅዝቃዜ ሕዋሱን በጨዋማው ፈሳሽ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ያቆየዋል፤ እጅግ የፈጠነው ደግሞ ውሃው ለመውጣት ፋታ ሳያገኝ እዚያው ውስጡ በረዶ እንዲሠራ ያደርጋል። ባክቴሪያ ግን ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ወጥቶ ያልቃል። ከእንስሳት ሕዋስ ይልቅ ፈጣን ቅዝቃዜን የሚችለውም ለዚህ ነው።

ጠንከር ያለ ተቃውሞ የሚመጣው ከራሱ ከእርጎው ነው። በፋብሪካ እርጎ ውስጥ አብረው የሚሠሩት ሁለቱ ባክቴሪያዎች እኩል አይተርፉም፤ ክቡ ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ ቅዝቃዜውን ሲቋቋም፣ ዘንግ መሳዩ ላክቶባሲለስ ቡልጋሪከስ በብዛት ያልቃል። ጥማቱ ለሁለቱም አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? መልሱ በከፊል ያለው ሽፋናቸው ላይ ነው። ቅቤ በብርድ እንደሚረጋ ሁሉ የሽፋኑ ስብም ይደድራል፤ የደደረ ሽፋን ደግሞ መኮማተርን አይችልም። ይህን ደካማ ላክቶባሲለስ በወይራ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ኦሌይክ አሲድ እየመገቡ ያሳደጉ ተመራማሪዎች፣ የሽፋኑ ስብ ተለውጦ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የመትረፍ አቅሙ መጨመሩን አይተዋል። ብርዱ ያው ነው፤ የተለወጠው ድርቀቱን የሚቀበለው ገላ ነው። ይህን ማስረጃ ከሁሉም በላይ አከብረዋለሁ።

የተጠማውን የሚታደጉ ነገሮችም አሉ። በ1949 እ.ኤ.አ. በለንደን ክሪስቶፈር ፖልጅ፣ ኦድሪ ስሚዝና አላን ፓርክስ ግሊሰሮል የዶሮ ዘርን ከበረዶ ጉዳት እንደሚያተርፍ ደረሱበት፤ ግኝቱ የመጣውም በጠርሙስ ላይ በተሳሳተ ምልክት ሳቢያ ነበር። ዛሬ ለባክቴሪያም ይኸው ያገለግላል። ግሊሰሮል የውሃውን ከፊል ከበረዶ ስለሚያስቀር ጨው ቅጥ እንዳያጣ ያደርጋል። ትሬሃሎዝ የተባለው ስኳር ሽፋኑን ይደግፋል፤ ወተትም ራሱ ጥሩ ከለላ ነው። ቅዝቃዜው ሲበረታ የቀረው ፈሳሽ ክሪስታል ሳይሠራ እንደ ብርጭቆ ይጠጥራል፤ በዚያ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ጉዳቱም ይቆማል። የቤት ፍሪዘር ወደዚህ ደረጃ አያደርስም። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ትናንሾቹ ክሪስታሎች ተዋህደው ይተልቃሉ፤ ጨዋማው ፈሳሽም ሥራውን ይቀጥላል።

በአገራችን የቤት እርጎ የሚረጋው በየዕቃው ውስጥ ከትናንት በተረፉ ባክቴሪያዎችም ጭምር ነው፤ አንድ ቤት ማርጋት ሲያቆም የዚያ ዕቃ ባክቴሪያዎችም አብረው ይጠፋሉ። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ያላችሁ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪዎች፣ ከየአካባቢው እርጎ ባክቴሪያውን ለይታችሁ በግሊሰሮል አስቀምጡልን።