ዕፀ ፋሪስና የጨጓራ ቁስል

የጉናን ተራራ ተንተርሶ በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ላይና ታች ጋይንት፣ ወዲያም ወደ ስማዳና ወደ እስቴ በሚዘልቀው አገር፣ በደብሩ ቅጽር ሥር፣ በፈረሰ ቤት መሠረትና በፍግ ክምር ላይ፣ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል፣ አበባው ነጭና ረጅም፣ ፍሬው እሾሃም፣ ሽታው ከብት የማያስጠጋ አንድ ተክል አለ፤ ስሙንም አንዳንዱ ዕፀ ፋሪስ፣ አንዳንዱ አስተናግር ይለዋል። ባለመድኃኒቱ የፍሬውን ጢስ ለጥርስ ሕማም፣ ቅጠሉን ለራስ ቁስል ያውለዋል፤ ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም በምትገኝበት በዚህ የትምህርት አገርም፣ አእምሮን ይከፍታል ተብሎ የሚቀመመው አብሾ ከዚሁ ተክል እንደሚወጣ ይነገራል። የቀመሰው ሰው አፉ እንደሚደርቅ፣ ዓይኑ እንደሚፈዝ፣ ልቡ እንደሚደልቅ፣ የሌለውን አየሁ እያለ እንደሚቀባጥር፣ መጠኑም ጥቂት ካለፈ እንደሚሞት የታወቀ ነው።

ይህ እንደ መርዝ የሚፈራው ተክል አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን በውስጡ ይዟል፤ እነዚሁም በሩቅ አገር፣ ቤላዶና ከተባለው ከዕፀ ፋሪስ ዘመድ ተጨምቀው፣ የጨጓራ ቁስል ከሚታከምባቸው ዋና ዋና መድኃኒቶች ተቈጥረው ረጅም ዘመን ኖረዋል። አትሮፒንን ከቤላዶና ሥር አንጥሮ ያወጣው ማይን የተባለ የጀርመን መድኃኒት ቀማሚ ሲሆን ዘመኑም 1831 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በጨጓራ ላይ የሚሠራበት ምሥጢር የተገለጠው ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ነው።

ጨጓራ ምግብ የሚያልምበትን ብርቱ አሲድ በገዛ ፈቃዱ አያፈልቅም። ከአንጎል ተነሥቶ በአንገትና በደረት በኩል ወደ ሆድ የሚወርደው ቫገስ የተባለው ነርቭ በጫፉ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ያፈስሳል፤ እርሱም በጨጓራው ግድግዳ የሚገኙትን ሕዋሳት ለሥራ ያነሣሣቸዋል። ነርቭ በእንዲህ ያለ ንጥረ ነገር አማካይነት እንደሚናገር ኦቶ ሎዊ በ1921 እ.ኤ.አ. አስረዳ፤ ይኸውም የአንዲትን እንቁራሪት ልብ በቫገስ ነርቭዋ በኩል ነክቶ እንዲዘገይ ካደረገ በኋላ፣ ያን ልብ ያጠበውን ፈሳሽ ወደ ሌላ እንቁራሪት ልብ ቢያሳልፈው ሁለተኛውም ልብ ሳይነካ ዘገየ። አንቲኮሊነርጂክ የሚባሉት መድኃኒቶች ሁሉ፣ አትሮፒንም ቢሆን፣ ሥራቸው አሴቲልኮሊን የሚያርፍበትን ስፍራ ቀድሞ መያዝ ነው፤ በዚህም አሲዱ ይቀንሳል፣ የጨጓራውና የአንጀቱ መኮማተር ይላላል፣ ቁርጠቱም ጋብ ይላል።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ፕሮፓንተሊንና ቡስኮፓን የመሳሰሉት ወደ ገበያ ወጡ። እነዚህ ወደ አንጎል በቀላሉ እንዳይዘልቁ ሆነው የተቀመሙ ስለሆኑ እንደ አብሾ አያስቀባጥሩም፤ ሐኪሞችም ከማዕድ በፊትና በመኝታ ጊዜ እንዲዋጡ በየሀገሩ ያዙ ነበር። ዳሩ ግን አሲድን የሚጠሩት መልእክተኞች ሦስት ናቸው፤ አሴቲልኮሊን፣ ሂስታሚንና ጋስትሪን፤ አንዱን ከበር ቢመልሱት ሁለቱ በሌላ በር ይገባሉ። መጠኑ እንዳይጨመር ደግሞ አሴቲልኮሊን ለጨጓራ ብቻ ሳይሆን ለምራቅ፣ ለዓይን፣ ለፊኛና ለልብም አገልጋይ ነውና፣ መድኃኒቱ የሚበዛበት በሽተኛ አፉ ይደርቃል፣ ማንበብ ያቅተዋል፣ ሽንቱ ይታገታል፣ ሆዱ ይደርቃል፤ አብሾ የሚያመጣው መከራ እብደቱ ብቻ ተቀንሶለት ይደርስበታል ማለት ነው።

ስለዚህ በ1976 እ.ኤ.አ. ጄምስ ብላክና ባልደረቦቹ የሂስታሚንን በር የሚዘጋውን ሲሜቲዲን ባመጡ ጊዜ፣ ከዓመታትም በኋላ ኦሜፕራዞል የአሲዱን መፍለቂያ ራሱን መዝጋት ሲችል፣ የቤላዶና ወገን ከመንበሩ ወረደ። እውነተኛው ፍርድ ግን የመጣው ከአውስትራሊያ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ከቁስለኞች ጨጓራ አንድ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ አገኙ፤ የሚያምናቸው ቢያጡ ማርሻል ባክቴሪያውን በጽዋ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ። ስለ ዕውቀት ሲሉ ክፉ ነገር መጠጣት የአብነት ተማሪ ብቻ ልማድ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል። በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለቱም የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ዛሬ በየገበያው «ኤች ፓይሎሪ አለብህ ተባልሁ» የሚል ሰው ሲገኝ የሚናገረው ስለዚሁ ባክቴሪያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሕፃንነት፣ በቤተሰብ መካከል ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። በጋይንትና በስማዳ ግን ጥፋቱ የሚጣለው በጾምና በበርበሬ ላይ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ከእንብርቱ በላይ ሲያቃጥለው፣ እኩለ ሌሊትም ሕመሙ ሲቀሰቅሰው «ጾሙ አቈሰለኝ» ቢል አይፈረድበትም፤ ከጨጓራ በታች በትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ የሚወጣው ቁስል ሆድ ባዶ ሲሆን ማመሙ፣ ሲበሉም መለስ ማለቱ ልማዱ ነውና። ሆኖም ጾም ያለውን ቁስል ይገልጠዋል እንጂ አይፈጥረውም። ከባክቴሪያው ቀጥሎ ተጠያቂው፣ ዳገትና ቁልቁለት ጉልበቱን የጐዳው ገበሬ ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛ የሚውጠው ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ነው። ተልባውና አብሹ ማለስለሱን ያለሳልሳሉ፤ ባክቴሪያውን ለማጥፋት ግን ኦሜፕራዞልን ከአሞክሲሲሊንና ከክላሪትሮማይሲን ጋር አጣምሮ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ሐኪም ባዘዘው መጠን ሳያቋርጡ መዋጥ ያስፈልጋል። ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ስለ ተወ ቀሪውን ክኒን በመደርደሪያ የሚያኖር ሰው ባክቴሪያውን መድኃኒት እንዲለምድ ያሠለጥነዋል።

እንግዲህ የድሮው መድኃኒት ፈጽሞ ተሻረ ማለት አይደለም። ቡስኮፓን፣ ወይም በጤና ጣቢያ አነጋገር ሃዮሲን፣ ለሆድ ቁርጠት እስካሁን ይታዘዛል፤ አትሮፒንም የተባይ ማጥፊያ መርዝ ወደ ሰውነቱ የገባን ሰው ከሞት አፋፍ ለመመለስ በየሆስፒታሉ ተቀምጧል፤ በእኔ አስተያየት ከጨጓራ ወርዶ ያገኘው ይህ ሹመት ከቀድሞው ይበልጣል። የሚያሳስበው፣ ቁስሉ ሳይመረመር በአንድ የሃዮሲን መርፌ ቁርጠቱ ስለ ተወው ድኛለሁ ብሎ ወደ እርሻው የሚመለሰው ሰው ነው። ሕመሙ ዝም አለ እንጂ ቁስሉ አልተነካም፤ እንዲያውም ሊደማ ይችላል፤ ሰገራው እንደ ቅጥራን የጠቈረበት ወይም ደም ያስታወከው ሰው ነገን ሊጠብቅ አይገባውም።

የዓይን ግፊት ያለበት፣ ፕሮስቴቱ አብጦ ሽንቱ የሚቸግረው ሽማግሌ፣ ልቡም ያለ ልክ የሚመታበት ሰው ሃዮሲንን የመሰለ መድኃኒት ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ ሊናገር ግድ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው ግን ቁስሉ ለዓመታት ሳይታከም ቀርቶ ጠባሳው የጨጓራውን መውጫ ያጠበበበት ሰው ነው፤ ትናንት የበላውን ዛሬ ሳይፈጭ ያስታውካል፣ ሥጋውም ከቀን ወደ ቀን ይመነምናል። ቀድሞውንም የዘገየውን ጨጓራ አንቲኮሊነርጂክ ይባስ ያዘገየዋልና፣ እንዲህ ያለውን በሽተኛ በነፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ያየው ሐኪም ክኒን ሳይሰጥ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ጎንደር ይልከዋል።